በአንድ እጅ የሚነሳ ተሳቢ

የእህቴ ባል ስም አለው፤ በእኛ ቤት ግን «ሊቁ» ነው የሚባለው። ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ። ለሽሙጥ ነበር ያወጣሁት፤ እሱ እንደ ሹመት ተቀበለውና ዛሬ ስልክ ሲያነሳ ራሱ «ሊቁ ነኝ» ይላል። እንዲህ ያለውን ሰው በምን ይሰድቡታል?

ሥራው መንጃ ፈቃድ ማሠልጠኛ ውስጥ ቲዎሪ ማስተማር ነው። መንዳት አይችልም ማለቴ አይደለም፤ ይነዳል፤ የሚያስተምረው ግን የመኪና ሥዕል ነው። ሰሌዳው ፊት ቆሞ በዘንግ እየጠቆመ ሲናገር፣ ተማሪዎቹ ፈተናውን ማለፍ ስለሚፈልጉ ራሳቸውን ይነቀንቁለታል። ዓመት ከዓመት ራስ ሲነቀነቅለት የኖረ ሰው ቤቱ ሲገባም የሚጠብቀው ያንኑ ነው። እህቴ ደግሞ ፋርማሲ ውስጥ ነው የምትሠራው። የማያውቃት ሰው ሁሉ መስኮቱ ጋ መጥቶ አፏን አፏን ያያል። «ከምግብ በኋላ፣ ጠዋትና ማታ» ስትለው በትክክል መስማቱን ለማረጋገጥ መልሶ ይጠይቃታል፤ ከዚያ ቤቱ ሄዶ የሰጠችውን ሳያንገራግር ይውጣል። ቤቷ ገብታ «ጣሪያው ያፈሳል» ስትል ግን ሊቁ ቀና ብሎ እንኳ ሳያይ ጤዛ ነው ይላታል። ጤዛ፣ ያውም ቤት ውስጥ።

ከጉዞው በፊት በነበረው ሰሞን ወደ ልብስ ስፌት ሱቄ መጣችና፣ ከጨረስኩት ኮትና ካልጨረስኩት ሱሪ መሃል ተቀምጣ ልትተወው ማሰቧን ነገረችኝ። እልል ማለት ስላማረኝ አፌን በመርፌ ማስቀመጫዬ ሸፍኜ አዳመጥኳት። አልመታትም፣ አልሰከረም፣ ሌላ ሴት ጋ አልሄደም። የምትናገረው ነገር የትም እንደማይደርስ ብቻ ነበር የነገረችኝ። «ግድግዳ ጋ ብኖር እኮ ግድግዳ ነው ብዬ አርፌ እቀመጥ ነበር» አለች። ይህን ሁሉ ዓመት የታገሰችውም መስማት የማይችል ሰው ነው ብላ ስላመነች ነው። አፈጣጠሩ ነው፤ ዓይነ ስውር ለምን አላየህም ተብሎ አይፈታም፤ እንዲህ ስትል ራሷን ስታጽናና ኖራለች። አሁን ግን ደክሟታል። ሊቁ አሮጌ መኪናውን ወደ ሩቅ ከተማ ኤግዚቢሽን ሊወስድ ነው፤ ያለ ሰሌዳ፣ ያለ ተማሪ፣ ጎን ለጎን ተቀምጠው የሚሄዱበት ረጅም መንገድ ነው። በዚያ መንገድ ላይ አንድ ነገር፣ አንድ ብቻ፣ ነግራው ከሰማት ትቀራለች። ካልሰማት ከእኔ ጋር ተመልሳ ከሱቁ ጀርባ ባለችው ክፍል ትገባለች።

«አንቺም ነይ» አለችኝ። «በኋላ እኔው ራሴን እንዳላታልል።»

ሄድኩ። የሄድኩት ለምስክርነት ነው ብላችሁ ካመናችሁኝ የዋህ ናችሁ። ሲሸነፍ ለማየት ነው የሄድኩት።

ያቺን መኪና ሳላሳያችሁ ብሄድ ነገሩ አይገባችሁም። ትንሽ፣ ክብ፣ ሞተሯ ከኋላ፣ ዕቃ ማስቀመጫዋ ከፊት የሆነ ጥንታዊ መኪና ናት። ሊቁ ዕረፍቱን ሁሉ እሷ ሥር ተጋድሞ ነው የጨረሰው። ሰው ሁሉ መኪናው እንዲወስደው ይገዛል፤ እሱ መኪናዋን ሊወስዳት ተነሣ። አቧራ እንዳይነካት ብሎም በዙሪያዋ የተዘጋ፣ ቁም ሳጥን የመሰለ ተሳቢ ተከራየ። ተሳቢውን ይዞ የመጣው አከራይ ድምፁ የጎረነነ፣ ሆዱ ከቀበቶው በላይ የተቀመጠ ሰው ነበር። ግቢው ውስጥ፣ ተሳቢውን በሚጎትተው ፒክአፕ አጠገብ አቁሞት ማስረዳት ጀመረ። ሊቁ በዚያን ሰዓት አንድ እጁን መኪናዋ ጣሪያ ላይ አሳርፎ በጎረቤት ስልክ ፎቶ እየተነሣ ነበር። የሰማነው እኔና እህቴ ነን።

ሰውዬው ያለው እንዲህ ነው። ክብደት ወደ ፊት፣ ወደ ፒክአፑ መሆን አለበት። ይሄ ሳጥን ነው፣ ነፋስ እንደ ግድግዳ ነው የሚያገኘው፤ ፊቱ ከቀለለ ጅራቱ ይነዳችኋል። የተሳቢውን አንገት ከፒክአፑ ኋላ ካለው ጋንቾ ጋር ስታገናኙ በእጅ ከቀለላችሁ ከግቢ አትውጡ። መንገድ ላይ መወዛወዝ ከጀመረ ፍሬን አትርገጡ፣ መሪ አታጣሙ፤ ከነዳጁ ላይ እግር አንሥቶ፣ መሪውን ቀጥ አድርጎ ይዞ፣ ይቺን መጭመቅ ነው። ይቺ ያላት ከመሪው በስተቀኝ የተለጠፈች ትንሽ እጀታ ናት፤ የተሳቢውን ፍሬን ለብቻው ትይዛለች። እህቴን አስነክቶ አስጨመቃት። እሷም እንደ ደንበኞቿ መልሳ ጠየቀችው፣ እሱም መልሶ ነገራትና ሄደ።

ሊቁ ፎቶውን ጨርሶ መጣና መኪናዋን አስነሥቶ በአፍንጫዋ ቀጥ ብሎ ወደ ተሳቢው ሊገባ ሲል እህቴ መስኮቱ ጋ ቀረበች። ሞተሯ ከኋላ ስለሆነ በኋላ ማርሽ ይግባ፣ ክብደቱ ፊት ይሁን አለችው። እሱ ለእሷ አልመለሰላትም። ለተሰበሰበው ጎረቤት ዞሮ፣ መኪና በቂጧ ስትገባ አይታችሁ ታውቃላችሁ ወይ ብሎ ጠየቀ። ጎረቤቱ ሳቀ። የእኛ ሠፈር ሰው እንደሆነ ተሳቢ አይቶ አያውቅም፣ ቂጥ የሚል ቃል ከሰማ ግን ሆዱን ይዞ ይስቃል። መኪናዋ በፊቷ ገባች፤ ሞተሯ በሩ ጋ ቀረ። ቀጥሎ መለዋወጫ የሞላ ሳጥን፣ ትርፍ ጎማና ታጣፊ ወንበሮቹን ለማውረድ እንዲቀርበው ብሎ እዚያው በሩ ሥር ደረደራቸው።

ከዚያ የተሳቢውን አንገት በአንድ እጁ ያዘ። በአንድ እጁ አነሣው። ሁለተኛውን እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ፣ ሰው ሁሉ እስኪያየው ድረስ አየር ላይ ይዞት ቆየ።

«ሚዛን ማለት ይሄ ነው» አለ።

አጨበጨቡለት። እውነቴን ነው፣ ሰው መግደያውን ሲያሳይ አጨበጨቡለት። እህቴ ጠጋ ብላ፣ አከራዩ በእጅ ከቀለለ አትውጡ ብሏል አለችው። እሱ የተሳቢውን አንገት ጋንቾው ላይ እያሳረፈ ትከሻዋን መታ መታ አደረጋት። «ሆዴ፣ አንቺ እንክብልሽን ቁጠሪ፤ መኪናውን ለእኔ ተይው» አላት። ዓይኔን ዓይኗ ላይ ሰካሁ። በእኔ ቤት ነገሩ ያለቀ ነበር፤ ሻንጣዬን አንሥቼ ወደ ሱቄ ለመመለስ አንድ ሐሙስ ነው የቀረኝ። እሷ ግን ፒክአፑ ውስጥ ስንገባ «ገና መንገዱ አልተጀመረም» ብላ በጆሮዬ ሹክ አለችኝ። ተናደድኩባት። ሰው እንዴት እንዲህ ተስፋ ያደርጋል?

እሱ መሪው ጋ፣ እሷ ጎኑ፣ እኔ ከኋላ ወንበር ከትራሶቹ ጋር ተቀመጥን። ከተማው ውስጥ በዝግታ ስንሄድ ምንም አልነበረም። ከከተማ ወጥተን መንገዱ ሲሰፋና ሊቁ እግሩን ነዳጁ ላይ ሲያደላድል፣ ከጀርባዬ አንድ ነገር ቀስ እያለ ወዲህ ወዲያ የሚስበን መሰለኝ። እህቴ ዓይኗን ከስፖኪዮው አልነቀለችም። የተሳቢው ጅራት በቀኝ ብቅ ይላል፣ ይጠፋል፤ በግራ ብቅ ይላል፣ ይጠፋል። ሊቁ በዚህ መሃል ስለ ርቀት አጠባበቅ ትምህርት ይሰጠናል። እየተወዛወዘ ነው፣ ቀስ በል አለችው። መንገዱ ነው አላት። መንገዱ እኮ ገበታ የመሰለ ነው አልኩ እኔ። «እትዬ፣ ከኋላ ወንበር ሁሉም ነገር ተጋኖ ነው የሚታየው» አለኝና ስለ ርቀት አጠባበቁ ቀጠለ።

ቁልቁለቱ ላይ ነው የሆነው። አንድ ትልቅ አውቶቡስ በፍጥነት አልፎን ሄደ። ሲያልፍ ነፋሱ ሳጥኑን ገፋው፣ ካለፈ በኋላ ደግሞ መልሶ ሳበው፤ ተሳቢው ጅራቱን ወደ ግራ ወረወረ፣ ቀጥሎ ወደ ቀኝ፣ ቀጥሎ ከመጀመሪያው በባሰ ወደ ግራ። ፒክአፑ በአፍንጫው ገደሉን ያያል፣ ዞር ይልና የሚመጣውን መኪና ያያል። ሊቁ መሪውን ተሳቢው ወደ ሄደበት ተቃራኒ ይጠመዝዛል፤ እሱ ጠምዝዞ ሲጨርስ ተሳቢው ሌላ ጋ ደርሷል። ከዚያ ይባስ ብሎ በሁለት እግሩ ፍሬን ላይ ቆመ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ያን ጊዜ መሸነፉን አልፈለግኩም። ሊቁ አንድ ጊዜ እንኳ ልክ በሆነ፣ እኔም ዕድሜ ልኬን ሳሞግሰው በኖርኩ ብዬ ነው የተሳልኩት።

«እግርህን ከፍሬኑ ላይ አንሣ» አለች እህቴ። አልጮኸችም። በመስኮቱ በኩል መድኃኒት ስትሰጥ በምታወጣው ድምፅ ነው ያለችው። አላነሣም። ደግማ አልለመነችውም፤ በጉልበቱ ላይ ዘንበል ብላ ያቺን ትንሽ እጀታ ጨመቀቻት። ተሳቢው ቀሚሱ ከኋላ የተያዘ ይመስል ወደ ኋላ ቀረት አለ፣ አንገቱ ተወጠረ፣ አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ ካለ በኋላ ቀጥ ብሎ ተከተለን። እየተንፏቀቅን የመንገዱ ዳር ላይ ቆምን።

የሊቁ ፊት አመድ መስሏል፤ ጣቶቹ ከመሪው ላይ አልላቀቅ ብለውታል። ያን ጊዜ እንኳን ትንሽ አዝኜለት ነበር። ከዚያ ግን ኮሌታውን አስተካከለና፣ እንደ እሱ ያልተለማመደ ሰው እንዲህ ሊቆጣጠረው እንደማይችል ነገረን። ዓይኑን በጨው ታጥቦ። የሚስቱ እጅ ገና እጀታዋ ላይ ነው። ደሜ ፈላ፤ አፌን ስከፍት እህቴ ወደ ኋላ ዞራ አየችኝና ዘጋሁት። እሷ ራሷ ነበረች መናገር ያለባት።

«መኪናዋን እናዙራት» አለችው። «ሞተሯ ወደ ፊት ይሁን። ኋላ ያለውንም ዕቃ ወደ ፊት እናምጣው። ሌላ ምንም አልጠይቅህም።»

እንዲህ ስትለምን ሰምቻት አላውቅም። ሊቁ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። አውቶቡሱ ነው፣ የአውቶቡሱ ሹፌር ነው፣ እንዲህ ያለው ሹፌር እኔ ጋ ቢማር ኖሮ ነው፤ ደግሞም ተሳቢው ራሱ ብልሽት አለበት፤ ብልሹ ዕቃ ያከራየውን ሰውዬ ዛሬ ልክ ካላስገባሁት እኔ አይደለሁም። ይህን ሁሉ እያወራ በእግረኛ ፍጥነት እየነዳ ነዳጅ ማደያ አደረሰን። እህቴ ከዚያ በኋላ በመስኮቱ ውጪውን ታይ ነበር። ነገሩ አበቃ ብዬ ሻንጣዎቻችንን በዓይኔ ፈለግኳቸው።

ማደያው ጥላ ሥር ቆመን ሊቁ ስልኩን አወጣና ለአከራዩ ደወለ። ሁላችንም ሲቆጣ እንድንሰማ ብሎ ድምፁን ከፍ አድርጎ ከፈተው። መጀመሪያ የተናገረው ማሠልጠኛው ውስጥ የወደቀ ተማሪ ላይ የሚናገረውን ነው። ሰውዬው እስኪጨርስ ጠበቀው። ከዚያ በዚያ በጎረነነ ድምፁ ሞተሯ የት ነው ያለው ብሎ ጠየቀው።

«ኋላ።»

«እንዴት አድርገህ አስገባሃት?»

«በፊቷ» አለ።

«አዙራት» አለው ሰውዬው። «በኋላ ማርሽ አስገባት፣ ሞተሯ ወደ ፊት ይሁን። ኋላ ዕቃ ካለም ወደ ፊት አምጣው።»

እኔ የሚመጣውን ስድብ ጠበቅኩ። ሊቁ ግን ስልኩን ወደ ጆሮው ጠጋ አደረገ፤ አንገቱን ትንሽ ዘንበል አደረገ፤ አፉን ዘጋ። «እሺ» አለ። ሰውዬው የተሳቢው አንገት በአንድ እጅ ከተነሣ አትንዳው ሲለው «እሺ፣ ልክ ነህ ወንድሜ» አለ። ሰውዬው ስለ ፍሬኑ ሲነግረው፣ እንዲገባው ብሎ መልሶ ጠየቀው። መልሶ ጠየቀው! ሰውዬው ደገመለት፤ እሱም የተባለውን ቃል በቃል መልሶ አነበነበ፣ አመሰገነና ዘጋ። በዚህ ሁሉ ጊዜ እህቴን እያየኋት ነበር። ትስቃለች ወይ ትቆጣለች ብዬ ነበር። እሷ የምታየው ጆሮውን ነበር።

ከዚያ ሥራው ተጀመረ። ማሰሪያ ቀበቶዎቹን ፈታን፣ ዕቃውን አወረድን፣ ሊቁ መኪናዋን አውጥቶ አዞራትና በኋላ ማርሽ መወጣጫው ላይ ሲያወጣት እህቴ በእጇ እየመራች አስገባችው። ሳጥኑንም ጎማውንም እኔና እሷ ተሸክመን ወደ ፊተኛው ግድግዳ አስጠጋናቸው። አሁን የተሳቢው አንገት በአንድ እጅ ቀርቶ በሁለትም ንቅንቅ አላለም፤ በክሪኩ አውርደነው ጋንቾው ላይ ሲያርፍ የፒክአፑ ጀርባ ረገብ አለ። ሊቁ ነዳጅ ቀጂውን ጠርቶ አሳየው። ክብደት ወደ ፊት ነው፣ ሕጉ እሱ ነው፣ ብዙ ሰው ይህን አያውቅም አለው። ነዳጅ ቀጂው ራሱን ነቀነቀለት። የትም ቢሄድ ራስ የሚነቀንቅለት አያጣም።

እውነቱን ለመናገር ከዚያ በኋላ ጉዞው አማረ። ተሳቢው መኖሩም አይታወቅም ነበር፤ የጭነት መኪና አልፎን ሲሄድ ትንሽ ይነቃነቅና ራሱ ይረጋል። የሚረብሸው ሊቁ ብቻ ነው። የተዘጋ ተሳቢ ነፋስ እንዴት እንደሚያገኘው፣ ሞተሯ ከኋላ የሆነች መኪና እንዴት እንደምትጫን፣ ሲወዛወዝ ፍሬን መርገጥ ለምን ሞኝነት እንደሆነ፣ ከእናቱ ሆድ ይዞት የወጣ ይመስል መንገዱን ሙሉ ሲያስረዳን ዋለ። ከዚያም በላይ እህቴን፣ አየሽ፣ ልብ ብለሽ ስሚ ይላታል። እኔ ፈራሁ። ምን እንደፈራሁ ልንገራችሁ፤ መኪናዋ ዞራለች፣ ያለችው ሆኗል፣ እሷ ደግሞ ምክንያት ካገኘች የምትቀር ሴት ናት። ሰምቶኛል ብላ ትቆጥርለታለች ብዬ ፈራሁ። ፊቷን ለማየት ወደ ፊት ጎንበስ አልኩ፤ ምንም አይነበብበትም።

አንዲት ትንሽ ከተማ ስንደርስ አውቶቡስ መናኸሪያው ጋ እንዲያቆም ጠየቀችው። ውኃ ልትገዛ መስሎት ለእሱም ቀዝቃዛ እንድታመጣለት ነገራት። ወርዳ ከኋላ የእኔንም የእሷንም ሻንጣ አወጣች። ሻንጣውን ሲያይ ሞተሩን ሳያጠፋ ወረደ።

«ምን ሆንሽ? መኪናዋን አዞርኳት አይደል? ያልሽው ሆነ እኮ።»

«ሆነ» አለችው። «እኔ መስማት አይችልም ብዬ ነበር የኖርኩት። ለእትዬም፣ ለእናቴም፣ ለራሴም የነገርኩት እሱን ነው፤ አይችልም ፍረዱለት እያልኩ። ዛሬ ስትሰማ አየሁህ። እንዴት አድርገህ ነው የምትሰማው። መልሰህ ትጠይቃለህ፣ ታመሰግናለህ። እኔ ሦስቴ ነገርኩህ፤ እሱ አንዴ።»

ሊቁ ወደ እኔ ዞረ፣ አንድ ነገር እንድልለት። እኔ ደግሞ ለዚህች ሰዓት ያዘጋጀሁት ስንት ነገር ነበር። ከሠርጋቸው ማግሥት ጀምሮ ሳጠራቅመው የኖርኩት ሽሙጥ ሁሉ አፌ ላይ ነበር። ደስ ይለኛል ብዬ ነበር የማስበው፤ ደስ አላለኝም። መሃል መንገድ ላይ፣ ሞተሩ እየሠራ፣ በዘንግ የሚጠቁምበትን እጁን የሚያደርግበት አጥቶ ቆሞ ሳየው አሳዘነኝ። ይህን ማመኔ ራሱ ያናድደኛል።

እህቴ ሻንጣዋን መሬት አስቀመጠችና ተሳቢውን ዞረችው። የኋላውን በር መቀርቀሪያ ሳብ አድርጋ አየች፤ አንገቱ ጋንቾው ላይ መያዙን በእጇ ነካካች። ከዚያ ተመልሳ ፊቱ ቆመች።

«ከዚህ ወዲያ ሜዳ ነው፤ ነፋስ አለው» አለችው። «ቀስ ብለህ ንዳ።»

«አውቃለሁ» አላት።